ያገለገለ መኪና፣ የደንገጎ ዳገትና የሙቀት ሕግ

ድሬዳዋ ላይ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ወደ ሐረማያ፣ ወደ ሐረር ወይም በቁልቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው፣ ሊብሬውን በኪሱ ከከተተ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ፈተና ላይ ይቀመጣል። ፈታኙ የደንገጎ ዳገት ነው። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ ሲታይ እንከን የማይወጣለት፣ በሳቢያን አስፋልት ላይ ሲሞከር ድምፁ ያማረ ሞተር፣ ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርስ የሙቀት ጠቋሚው መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ይወጣል፤ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ይትጎለጎላል። ገዢው «ተታለልኩ» ይላል። ሻጩ ደግሞ «እኔ ዘንድ ሳለ ምንም አልነበረበትም» ብሎ ይምላል። የሚገርመው ነገር ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን መቻሉ ነው። አንድ መኪና በሜዳ ላይ ጤነኛ፣ በዳገት ላይ ግን ሕመምተኛ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት የራቀ አይደለም።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ረጅም ዕድሜ መኖራቸው አይቀርም። ገዢው ብዙውን ጊዜ የብዙ ዓመት ቁጠባውን፣ አንዳንዴም የዘመድ አዝማድ ብድር ጨምሮ የከፈለ ሰው ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊቃጠል እንደሚችል፣ እንዴትስ እንደሚድን ማወቅ ይጠቅማል።

ባቡሩ ያልደፈረው ዳገት

በመጀመሪያ ስለ ዳገቱ ራሱ ጥቂት እንበል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በሜዳውና በሐረር ደጋ መካከል ያለው ገደላማ ተራራ ለሐዲድ የማይመችና እጅግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ ጣቢያው በተራራው ግርጌ እንዲሠራ ተወሰነ። ድሬዳዋ በዚህ ምክንያት ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ተሰጥቷት ነበር። ሐዲዱ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በቆላው በኩል ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የድሬዳዋ ነዋሪ ከተማው የተወለደው ከአንድ የፊዚክስ ችግር ነው ቢል አላጋነነም።

የባቡር ችግር የመያዝ ችግር ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ያለው ሰበቃ አነስተኛ ስለሆነ ዳገቱ ሲበረታ ይንሸራተታል። መኪና ይህ ችግር የለበትም፤ የላስቲክ ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ መኪናው ባቡሩ ያልደፈረውን ይወጣል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በሙቀት ነው።

ዋጋው በጁል ሲሰላ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሐረማያ አምባ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ልዩነቱ 800 ሜትር ነው። አንዲት አነስተኛ አውቶሞቢል ከነተሳፋሪዎቿና ከነጓዟ 1,400 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። ይህን ክብደት 800 ሜትር ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት የክብደት፣ የመሬት ስበትና የከፍታ ብዜት ነው፦

1,400 × 9.8 × 800 = 10,976,000 ጁል፤ ማለትም 11 ሜጋጁል ያህል።

ዳገቱን በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ እንወጣዋለን ብለን ብናስብ፣ በጎማው መንከባለልና በአየሩ መቋቋም ምክንያት ተጨማሪ 5 ሜጋጁል ያህል ይጠፋል። በጠቅላላው ሞተሩ ለጎማዎቹ የሚያቀርበው 16 ሜጋጁል ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድድ 32 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል፤ ግማሽ ሊትር በበቃ ነበር። ነገር ግን የቤንዚን ሞተር ከሚያነድደው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 እንዳሳየው፣ ማንኛውም በሙቀት የሚሠራ ሞተር ከሚቀበለው ሙቀት ከፊሉን ሳይጥል ሥራ ሊሠራ አይችልም። ይህ የመካኒክ ስንፍና ወይም የፋብሪካ ጉድለት አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ስለዚህ 16 ሜጋጁል ሥራ ለማግኘት 64 ሜጋጁል፣ ማለትም 2 ሊትር ቤንዚን ማቃጠል ግድ ይላል። የቀረው 48 ሜጋጁል ሙቀት ነው። ከፊሉ በማርሚታው በኩል ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ከፊሉ ከሞተሩ አካል ወደ አየር ይበተናል። ከጠቅላላው ቤንዚን 30 በመቶ ያህሉ፣ በእኛ ስሌት 19 ሜጋጁል፣ በማቀዝቀዣው ውኃ ተሸክሞ መወገድ አለበት።

መኪናዋ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትወጣ ዳገቱን በግማሽ ሰዓት ትጨርሰዋለች። 19 ሜጋጁልን ለ1,800 ሰከንድ ብናካፍል ከ10 ኪሎዋት በላይ እናገኛለን። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንግዲህ አንባቢው ሦስት ምጣዶች በሙሉ ኃይል ግለው ከኮፈኑ ሥር ተደርድረው ይታዩት፤ የራዲያተሩ ሥራ የሦስቱንም ሙቀት ያለማቋረጥ ወደ አየር መጣል ነው።

ሥራውን ቢያቆምስ? አንድ ኪሎ ግራም የፈላ ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2.26 ሜጋጁል ሥውር ሙቀት ያስፈልጋል። 19ን ለ2.26 ስናካፍል 8.4 ይመጣል። የአነስተኛ አውቶሞቢል የማቀዝቀዣ ሥርዓት ግን የሚይዘው ከ5 እስከ 7 ሊትር ውኃ ነው። ራዲያተሩ ፈጽሞ ባይሠራ ዳገቱ ሳያልቅ ውኃው በሙሉ ተንኖ ያልቃል ማለት ነው። በእርግጥ ራዲያተር በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሞትም። የሚሆነው በሜዳ ላይ የሚያስፈልገውን ያህል የሚችል፣ በዳገት ላይ የሚጠየቀውን ግን የማይችል መሆኑ ነው። በሳቢያን መንገድ ላይ በዝግታ የምትሄድ መኪና ወደ ውኃው የምትልከው ሙቀት ከዚህ የብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ፣ ግማሹ የተደፈነ ራዲያተርም ይበቃዋል። ሻጩ ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ከሆነ መሐላው ሐሰት አይደለም።

የራዲያተር ክዳን፦ ርካሹ ወሳኝ ዕቃ

የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስም ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነው ነጥበ ፍሌት፣ በድሬዳዋ 96 ዲግሪ ገደማ፣ በሐረማያ 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ከቴርሞስታት ጋር እናነጻጽረው። ቴርሞስታት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅም የሚከፍት በር ነው። በብዙ መኪኖች 82 ዲግሪ አካባቢ መክፈት ይጀምርና 95 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። እንግዲህ የማቀዝቀዣው ውኃ ለከባቢው አየር የተጋለጠ ቢሆን ኖሮ፣ ደንገጎ አናት ላይ በሩ ጨርሶ ሳይከፈት ውኃው ይፈላ ነበር።

ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ተራ መዝጊያ አይደለም። በውስጡ በሞላ (ስፕሪንግ) የተጫነ ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ ከውጪው አየር በ0.9 ባር ገደማ እስኪበልጥ ድረስ እንፋሎቱ እንዳይወጣ ያደርጋል። በሐረማያ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.79 ባር ገደማ ስለሆነ በሥርዓቱ ውስጥ ያለው ግፊት 1.69 ባር ይደርሳል፤ በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው 115 ዲግሪ ላይ ነው። ከ93 ወደ 115 የተገኘው የ22 ዲግሪ ዕድል በሙሉ የዚያች ሞላና የላስቲኳ ስጦታ ነው። ላስቲኳ ስትሰነጠቅ ወይም ሞላው ሲላላ ዕድሉ ይጠፋል። በሜዳ ላይ ማንም ልብ አይለውም።

ቤታችን ያለው የግፊት ድስት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እናቶች ድስቱ ሳይተነፍስ ክዳኑን እንዳንነካ የሚያስጠነቅቁበት ምክንያትም ለራዲያተሩ ይሠራል። 115 ዲግሪ የደረሰ ውኃ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ወደ 0.79 ባር ይወርዳል፤ ውኃው ደግሞ ከ93 ዲግሪ በላይ ውኃ ሆኖ ሊቆይ አይችልም። ትርፍ ሙቀቱ ከውኃው 4 በመቶ ያህሉን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከ6 ሊትር ውኃ ሩብ ኪሎ ግራም ያህል መሆኑ ነው፤ ይህ እንፋሎት በዚያ ከፍታ 500 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ሁለት በርሜል ተኩል የሚሞላ እንፋሎት፣ የቀረውን ትኩስ ውኃ እየገፋ በአንዲት ቀዳዳ ወደ ከፋቹ ፊት ይወጣል። በመንገድ ዳር ፊታቸውና ክንዳቸው የሚቃጠል ሰዎች አደጋ የሚደርስባቸው በዚህ መንገድ ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ መክፈትም መፍትሔ አይደለም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ መጠበቅ ብቻ ነው።

የድሬዳዋ ውኃ በራዲያተር ውስጥ

ድሬዳዋ በኖራ ድንጋይ የተከበበች ከተማ ናት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያኖች የተተከለው የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተሠራው ጥሬ ዕቃው ደጃፉ ላይ ስለነበር ነው። ከተማው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውኃም በዚሁ ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ የሚመጣ ስለሆነ የካልሲየም ጨው ይበዛበታል። በቤት ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው የለም።

ኬሚስትሪው ቀላል ነው። በውኃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ሲሞቅ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ካልሲየም ካርቦኔት በውኃ የማይሟሟ ስለሆነ በሚሞቀው ብረት ላይ ይለጠፋል። ሞቃቱ ብረት ያለው የት ነው? በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። የዚህ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታ ከአሉሚኒየም በመቶ እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ቅርፊት በግድግዳው ላይ መጋገር ማለት፣ በሙቀት ረገድ ግድግዳውን አሥር ሴንቲ ሜትር ማወፈር ማለት ነው።

ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት የኖረ መኪና እንግዲህ ውስጡ የማንቆርቆሪያችንን መልክ ይይዛል። ውኃ በጎደለ ቁጥር መሙላቱ ነገሩን ያብሰዋል፤ የተነነው ንጹሕ ውኃ ነው፣ ጨው ግን ወደ ኋላ ይቀራል፣ አዲሱም ውኃ አዲስ ጨው ይዞ ይገባል። ስለዚህ የሚመከረው የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሹ፣ ማለትም ከኩላንት ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ነው። «ኩላንት ለበረዶ አገር ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ኩላንት ነጥበ ፍሌትን በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የብረቱን ዝገት ይከላከላል። በድንገት ውኃ ያለቀበት መንገደኛ ግን የቧንቧም ሆነ የወንዝ ውኃ ቢሞላ አይወቀስም፤ ቤቱ ሲደርስ አፍስሶ ያጥበው።

ስለ ቴርሞስታት አንድ ክርክር

በሞቃታማ ከተሞቻችን «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ይዞራል። አሳቡ ውኃው ሁልጊዜ በነጻነት ከዞረ ሞተሩ አይግልም የሚል ነው። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ የደረቀ ከሆነ ማውጣቱ ለዚያች ቀን ያድናል፤ ይህን አንክድም። እንደ ዘላቂ መፍትሔ ግን ሁለት ጉዳት አለው። ሞተሩ በሜዳ ላይ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፤ ዘይቱም በሚገባ ስለማይሞቅ ፋሻና ሲሊንደር ቶሎ ይበላሉ። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይገምተው ነው። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ በዚያው እንቅስቃሴ ራዲያተሩን ዘልሎ የሚመለሰውን አጭር መንገድ ይዘጋል። ዕቃው ሲወጣ አጭሩ መንገድ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከትኩሱ ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲህ ያለው መኪና በሜዳ ይበርዳል፣ በዳገት ይግላል። ገዢው ሊጠይቃቸው ከሚገቡ ጥያቄዎች አንዱ እንግዲህ «ቴርሞስታቱ አለ ወይ?» የሚል ነው።

ቴስታታው ለምን ይጣመማል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳት እንምጣ። የውኃ መፍላት በራሱ ሞተር አይገድልም። የሚገድለው ከፈላ በኋላ መንዳት ነው።

በሲሊንደር ውስጥ የሚነደው ጋዝ ለአፍታ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ቴስታታው የተሠራበት አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። የማይቀልጠው ውኃው በጀርባው በኩል ሙቀቱን ያለማቋረጥ ስለሚወስድለት ነው። ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ግን እንፋሎት ሙቀት የመሸከም ችሎታው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ እንፋሎት የታቆረበት የብረቱ ክፍል ብቻውን ይግላል።

በብዙ መኪኖች ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ከሥሩ ያለው ብሎክ ደግሞ በጋራዥ ቋንቋ ጊዛ የሚባለው ብረት ነው። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ከርዝመቱ 23 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል፤ ጊዛ ግን 11 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። የቴስታታው ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሁለቱም ከተለመደው በላይ 50 ዲግሪ ቢግሉ፣ አሉሚኒየሙ 0.46 ሚሊ ሜትር፣ ጊዛው 0.22 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ። ልዩነቱ 0.24 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ በብሎን ተጠፍረው የታሰሩ ስለሆኑ አሉሚኒየሙ እንደ ልቡ መርዘም አይችልም፤ ስለዚህ ይጎብጣል። የመኪና አምራቾች መመሪያ ለቴስታታ የሚፈቅደው መጣመም ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱን ከፈቃዱ ጋር ያነጻጸረ ተማሪ፣ «አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረኝ» ብሎ በቀዩ መስመር የሚነዳ ሰው ምን እየከፈለ እንደሆነ ይገባዋል።

ቴስታታው ሲጎብጥ በመካከል ያለው ጋስኬት መዝጋት ያቅተዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች መቀላቀል ይጀምራሉ፤ የሚነደው ጋዝ፣ ውኃውና ዘይቱ። ጋዝ ወደ ውኃው ሲገባ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይታያል። ውኃ ወደ ሲሊንደር ሲገባ በማርሚታው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ይወጣል። ውኃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ቅባት ይገኛል። ከእነዚህ ሰማያዊና ጥቁር ጭስ መለየት አለባቸው። ሰማያዊው ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ ጥቁሩ ደግሞ ቤንዚን ከአየሩ በላይ መብዛቱን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። በሐረር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት ፔዦ 404 መኪኖች፣ ፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 የተመረቱ ሲሆኑ፣ በካርቡራቶር የሚሠሩ ናቸው። ካርቡራቶር ከድሬዳዋ ሐረማያ ሲደረስ የአየሩ ግፊት አንድ አሥረኛ ያህል መቀነሱን አያውቅም፤ የቤንዚኑን መጠን ስለማይቀንስ ካንዴላው ይጠቁራል። በኮምፒዩተር የሚመሩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ግን አየሩን እየለኩ ስለሚያስተካክሉ፣ እነርሱ ላይ ጥቁር ጭስ ከታየ ምክንያቱን መፈለግ ያሻል።

መርፌው ሲወጣ

እንግዲህ ዳገቱ ላይ ነን፤ መርፌው መውጣት ጀምሯል። ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት ፍጥነትን መቀነስ ነው። ዳገቱ የሚጠይቀው ጉልበት በሜትር የተወሰነ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመነጨው ሙቀትም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከሦስቱ ምጣዶች አንዱን ተኩል አጠፋን ማለት ነው። ማርሽ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ይለወጥ። በከፍተኛ ማርሽ የሚጨነቅ ሞተር የውኃ ፓምፑን ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ቬንቲላተሩ በቺንጋ የሚዞር ከሆነም ነፋሱ ይደክማል። አየር ማቀዝቀዣው ካለ ይጥፋ፤ በምትኩ የተሳፋሪው ክፍል ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይከፈት። በድሬዳዋ ሙቀት ማሞቂያ መክፈት ዕብደት ይመስላል። ማሞቂያው ግን በሞተሩ ውኃ የሚሠራ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ነው። መስኮቱን ከፍቶ ላብን መታገሥ ከቴስታታ ዋጋ ያንሳል።

መርፌው ከፍ ብሎ ገና ቀዩን ካልነካ፣ እንፋሎትም ካልታየ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ማስኬድ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፣ በብረቱ ውስጥ የታቆረው ሙቀትም የቆመውን ውኃ ያፈላዋል። ቀዩን ከነካ ወይም ውኃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ የሌለ ውኃን ፓምፕ አያዞረውም። የማቆሚያው ቦታ መመረጥ አለበት። በዚህ መንገድ ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች እንዴት እንደሚከንፉ የአካባቢው ሰው ያውቃል፤ ኩርባ ላይ መቆም ከሞተር የሚበልጥ ነገር ያስከፍላል። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ከኋላ ጎማ ሥርም ድንጋይ ይግባ፤ ሲነሡም ድንጋዩን ከመንገዱ ማንሣት አይረሳ።

መርፌው በድንገት ቢወርድስ? ብዙ ሰው እፎይ ይላል። ሆኖም ሙቀት መለኪያው የተሠራው በውኃ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ውኃው ጎድሎ መለኪያው በባዶ ሲቀር፣ ሞተሩ እየነደደ መርፌው «ቀዝቅዟል» ሊል ይችላል። ኃይሉ ያልተመለሰ፣ መርፌው ግን የወደቀ ሞተር ከሁሉ አደገኛው ነው።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃ ሲሞላ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቢቻል ሞተሩ እየሠራ፣ ይሁን። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ ለብ ያላለ ብርጭቆ ውስጥ የፈላ ሻይ እንደመቅዳት ያለ ጉዳት ያመጣል፤ አንዱ ወገን ሲኮማተር ሌላው ገና ስላልተኮማተረ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ከመክፈል በፊት

ይህ ሁሉ ገዢው አስቀድሞ ቢመረምር ላይደርስ ይችላል። ምርመራው ማለዳ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ መጀመር አለበት። ኮፈኑን በእጅ መንካት ነው፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከሆነ ለምን እንዳሞቀው መጠየቅ ይገባል። ቀዝቃዛው ራዲያተር ተከፍቶ ይታይ፤ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውኃ፣ ነጭ ቅርፊት ወይም የዘይት ሽፋን ካለ ታሪኩ ተነገረ። ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ይነሣ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የጋስኬቱ ነገር ያጠራጥራል።

ከዚህ በኋላ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ዳገቱ ራሱ ነው። ሻጩን ወይም ደላላውን አሳፍሮ እስከ ደንገጎ ወጥቶ መመለስ ሁለት ሊትር ቤንዚንና አንድ ሰዓት ይወስዳል። በከተማ ውስጥ የሚደረግ ሙከራ የሞተሩን አንድ ሦስተኛ አቅም እንኳ አይጠይቅም። ለዚህ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ምናልባት ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ ገዢው ግን ምክንያቱን በዋጋው ውስጥ ማስላት ይችላል። በጉዞው ወቅት መርፌውን ብቻ ማመን አይበቃም። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች መርፌው ሆን ተብሎ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሀል ላይ እንዲቆም የተደረገ ስለሆነ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምር ጉዳዩ ገፍቷል ማለት ነው።

የቁልቁለቱ ሒሳብ

ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ያው 11 ሜጋጁል ተመልሶ ይመጣል። 5ቱን ጎማውና አየሩ ይወስዱታል፤ 6 ሜጋጁል ይተርፋል። ነጂው ማርሹን ወደ ዜሮ አውጥቶ በፍሬን ብቻ ቢወርድ ይህ ሁሉ በፍሬን ብረቶች ላይ ያርፋል። የአራቱ ጎማዎች የፍሬን ብረት በድምሩ 25 ኪሎ ግራም ቢሆንና አንድ ኪሎ ግራሙ በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 460 ጁል ቢፈልግ፣ ሙቀቱ ወደ አየር ባይበተን ኖሮ ብረቱ ከ500 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። አብዛኛው ይበተናል፤ ነገር ግን ያረጀ፣ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት 140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ያን ጊዜ 6 ሜጋጁሉን የሚበላው ቤንዚን የማያነድደው ሞተር ነው።

ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ጥያቄ እነሆ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከላይ ካሰብነው 6 ሜጋጁል ውስጥ 70 በመቶውን መመለስ ቢችል ስንት ኪሎዋት ሰዓት ያገኛል? ባትሪው ሐረማያ ላይ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከተነሣስ ያ ጉልበት ወዴት ይሄዳል?